ሞልቶ የሚያልፍ ጽዋ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ የሚጠጡ ሴቶች አንድ የጠበቀ ደንብ ነበራቸው። ወር በገባ በዐሥራ ስድስት ከባለተራዋ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄስ ሞገስ ጸሎት አድርሰው ጠላ የተሞላውን ጽዋ ይባርካሉ፤ ጽዋው ግን ወዲያው አይዞርም። አስቀድማ የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበርተኞች አጠራር «ሙሴዋ»፣ ትነሣና ትጠይቃለች፦ «በመካከላችን የተቀያየመ፣ ቂም የያዘ አለ?» ቂም ያለባት ሴት ተናግራ ትታረቃለች፤ ካልታረቀች ጽዋው ያልፋታል። ከተቀየሙት ሰው ጋር ከአንድ ጽዋ መጠጣት በእነርሱ ዘንድ በመስቀል ፊት ከመዋሸት አይለይም ነበር።

ሙሴዋ ሳህሊቱ ነበረች። ባሏ ጎበዜ በ1944 ዓ.ም. የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከመንዝ ወደ ጨርጨር ሲዛወር አብራው መጣች። ማኅበሩን የመሠረተችውም እሷ ናት፤ እንደ እሷ ከሩቅ አገር የመጡ የመንግሥት ሠራተኞችን ሚስቶችና ጥቂት የከተማውን ሴቶች ሰብስባ፣ «ዘመድ የሌለው ሰው ጽዋ ይኑረው» ብላ። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋ ከቁርበት ላይ ተነሥታ እንኳ የማይጨማደድ የሚመስል ሴት ነበረች። ጾም አታፈርስም፤ ቅዳሴ አያመልጣትም፤ ለቅሶ ቤት ቀድማ ትደርሳለች። በከተማችን ስለ እሷ ክፉ የሚናገር አልነበረም። ይህን የምጽፈው ግን ምስጋናዋን ለመድገም አይደለም፤ ምስጋና የለመደ ሰው ምን እንደሚያመልጠው ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳህሊቱ ያችን ጥያቄ ስትጠይቅ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። የእያንዳንዷን ሴት ፊት ታያለች፤ ዓይኗን የሰበረች ካለች አታልፋትም። በአንድ የአጥር ድንበር ሳቢያ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በዚያች ጥያቄ ምክንያት እዚያው ተቃቅፈው እንዳለቀሱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጥያቄዋ እያጠረች፣ እየፈጠነች ሄደች። በመጨረሻ ሳህሊቱ ገና ከመቀመጫዋ ስትነሣ አንድ እጇን ወደ ጽዋው ትዘረጋለች፤ «የተቀያየመ የለም አይደል?» ትላለች፤ ሴቶቹም ባንድ አፍ «የለም፣ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን» ይላሉ። ጽዋው ይዞራል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ወሬው ይጀመራል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ለአንዲት ትንፋሽ እንኳ የሚሆን ቦታ አልቀረም ነበር።

ከሳህሊቱ በስተቀኝ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ዓለምሸት ናት። ሁለቱ ወደ አሰበ ተፈሪ የመጡት በአንድ የጭነት መኪና ላይ፣ በአንድ ከረጢት ጨው ላይ ተደግፈው ነው። የዓለምሸት ባል ተሻለ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ወደ መቻራ የሚወስደውን መንገድ ሲያስጠርግ ወባ ይዞት ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ዓለምሸት ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ደብረ ታቦር አልተመለሰችም፤ ከሳህሊቱ ቤት በአንድ አጥር ብቻ በሚለየው ቤቷ ጥጥ እየፈተለች ትተዳደር ጀመር። ፈትሏ ቀጭንና እኩል ስለነበር የበደሳ ሴቶች ሳይቀሩ ለነጠላ የሚሆን ጥጥ ይልኩላት ነበር።

በሐዘኗ ሰሞን ሳህሊቱ ከጎኗ አልተለየችም። አብራት አደረች፤ እህል አፏ ውስጥ እየጨመረች አበላቻት። ከዚያ በኋላ ግን ኑሮ ሁሉን ነገር አስለመደ። ሳህሊቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በአጥሩ በኩል «ዓለምሸት፣ እንዴት አደርሽ? ደኅና?» ትላለች፤ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ የሚደርሳት ከጀርባዋ ነው፤ እግሯ አይቆምምና። ቅዳሴ አብረው ይሄዳሉ፤ ዓለምሸት የሳህሊቱን ነጠላ ጫፍ ይዛ ከኋላዋ ትከተላለች። ሳህሊቱም ይህን የፍቅር ልማድ አድርጋ ትቆጥረው ነበር፤ አንዳንዴም «ነጠላዬን ልትቀጂው ነው» እያለች ትቀልዳለች።

በ1954 ዓ.ም. የግንቦት ማኅበር ሙሉወርቅ ከተባለች የአስተማሪ ሚስት ቤት ነበር። ጥያቄው እንደተለመደው ተጠየቀ፤ መልሱም እንደተለመደው ተመለሰ። ጽዋው ከሳህሊቱ ወደ ዓለምሸት፣ ከዓለምሸት ወደ ሰርክአዲስ አለፈ። ሰርክአዲስ ከአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ጠላ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ጽዋውን ተቀብላ ወደ ውስጥ ተመለከተችና ሳቀች።

«እኔስ ከእትዬ ዓለምሸት ቀጥሎ መቀመጥ ተመችቶኛል» አለች። «ይኸው ስንት ወር ሆነኝ፣ ጽዋው ሞልቶ ነው የሚደርሰኝ። ከንፈሯን ብቻ አስነክታ ለእኔ ታተርፋለች። ኪዳነ ምሕረት እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሁላችሁ ትስጣችሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳህሊቱም ሳቀች። ዓለምሸት ብቻ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ሳህሊቱ ቤቷ ደርሳ ነጠላዋን ስታጥፍ ነው ሳቁ የጎመዘዛት። ጽዋ ይዞ አለመጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ዓለምሸት ቂም ይዛለች፤ ቂም ይዛ ደግሞ በሐሰት ላለመጠጣት ከንፈሯን ብቻ ታስነካለች። ይህም የሆነው በዚያች ወር ብቻ አይደለም። ሙሴዋ አጠገቧ ተቀምጣ ጽዋውን በገዛ እጇ ስትሰጣት አላየችም።

የተቀየመችው ከማን ጋር ነው? ሳህሊቱ አሰበች፤ ማሰብ ብቻ አይደለም፣ ተመራመረች። ሙሉወርቅን ጠየቀች። የቄስ ሞገስን ሚስት ጠየቀች። ውሃ ቀጂዋን ሳይቀር ጠየቀች። ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ዓለምሸትን ግን አልጠየቀችም። ሰው ከልቡ አውቀዋለሁ ያለውን አይጠይቅምና፣ መጠየቅ እንዳለባት እንኳ አልታያትም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘች። በበጋው የሰርክአዲስ ዶሮ ዓለምሸት ግቢ ገብታ የተዳመጠ ጥጥ በትና ነበር። ነገሩ ይኸው ነው አለች ሳህሊቱ፤ በማግስቱም ወደ ሰርክአዲስ ቤት ሄደች።

«እኔ? ከእትዬ ዓለምሸት ጋር?» ሰርክአዲስ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ኧረ የዶሮው ነገር በሳቅ አልቋል! ጥጡን አንድ በአንድ ለቅሜ መልሼላታለሁ እኮ።»

«አንቺ ሳቅሽ፤ የእሷ ልብ መሳቁን በምን አወቅሽ?»

«እትዬ ሳህሊቱ፣ ስሞትልሽ፣ እኔ...»

«ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ። ሰኔ ዐሥራ ስድስት ሳይደርስ ይህ ነገር ማለቅ አለበት።»

ሰርክአዲስ ጠላ ቀጂዎቿ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሙሴ ባሕር ይከፍላል ሲባል ነው የሰማሁት። ያንቺስ ድንጋይ ያሸክማል።»

«ለኪዳነ ምሕረት ብለሽ ነው።»

«እሷን ከጠራሽብኝ ምን አፍ አለኝ» አለች ሰርክአዲስ። ሳህሊቱ ከግቢው ጥግ ድንጋይ ስትመርጥ ግን አላስቻላትም፤ «አነስ ያለ የለም እንዴ? በደሉ የዶሮ ነው እኮ!»

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ሳይናገር ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ የተበደለው ሰው «አውርድ» እስኪለው ድረስ። ሁለቱ ሴቶች ከዓለምሸት ደጅ የደረሱት ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባቸው ሆና ነበር። ዓለምሸት ከበሩ ትይዩ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ሰርክአዲስ ከደፉ ላይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ድንጋዩን ተሸክማ አጎነበሰች። ሳህሊቱ ከጎኗ ቆማ፦

«ዓለምሸት፣ እንዴት አደርሽ?» አለች።

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ነሽ? ግቢ እንጂ።»

ሳህሊቱ ጠበቀች። «አውርጂ» የሚለው ቃል አልመጣም። እንዝርቱ ይሾራል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ዓለምሸት። «ብቻሽን ነሽ?»

ሰርክአዲስ እንዳጎነበሰች አንገቷን ቀና አደረገች። የዓለምሸትን ፊት አየችው። ከዚያ ድንጋዩን አውርጂ ሳትባል፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ መሬት ላይ አኖረችው፤ እጇንም ዘርግታ በዓለምሸት ዓይኖች ፊት ቀስ ብላ አሳለፈች። ዓይኖቹ አልተከተሉም።

«እትዬ ዓለምሸት» አለች፤ ያ ቀልደኛ ድምፅ ከየት እንደተሰበረ አይታወቅም፤ «እኔ ነኝ፤ ሰርክአዲስ።»

«ውይ ሰርክአዲስ! መቼ መጣሽ?»

ማንም አልመለሰላትም። እንዝርቱ ቆመ። ዓለምሸት ነገሩን ከዝምታው ተረዳችው፤ እጇን ወደ ደፉ ዘርግታ ስትዳብስም ድንጋዩን አገኘች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለዶሮዋ ነው» አለች ሰርክአዲስ። «ቂም ይዘሽብኛል ተብዬ።»

«አንቺ ምን በደልሽኝ? ስቀንበት አልነበረም እንዴ?»

«እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ሰሚ አጣሁ።»

«ታዲያ ድንጋይ ማን አሸከመሽ?»

ሳህሊቱ «እኔ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አነሰባት። «ጽዋውን ሳትጠጪ እንደምታሳልፊ ሰማሁ። ከማን ጋር እንደተቀያየምሽ ስፈልግ...»

«ከማን ስትፈልጊ?»

«ከሰዉ።»

«እኔን መጠየቅ አቃተሽ?»

ሰርክአዲስ ነጠላዋን ሰብስባ መሄድ ስትጀምር ዓለምሸት ጠራቻት። «ሰርክአዲስ፣ ያየሽውን ለማንም አትንገሪ። ፈታይዋ ዓይኗ ጠፋ ከተባለ ጥጥ የሚሰጠኝ የለም።» ያች ለአንዲት ወሬ አንድ ጋን ጠላ የምትለውጥ ሴት በኪዳነ ምሕረት ምላ ወጣች፤ መሐላዋንም ጠበቀች። ይህን ሁሉ ለእኔ የነገረችኝ ነገሩ ከተገለጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ዓለምሸት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

«ግራው ጠፍቷል። ቀኙ ጥላ ያያል፤ ብርሃን ከፊት ሲመጣበት ግን ጥላውም ይጠፋል። ነግሬሻለሁ፣ ሳህሊቱ። አምና በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ስንመለስ ‹ዓይኔ እየከዳኝ ነው› አልኩሽ። ‹ኪዳነ ምሕረት ትማርሽ› አልሽኝ፤ እግርሽ እንኳ አልቆመም። በፍልሰታ ደግሜ ነገርኩሽ። ‹ሁላችንም እያረጀን ነው› ብለሽ ስለ ጎበዜ ሹመት አወራሽኝ። ከዚያ ከድሬዳዋ ተመለስሽ።»

ሳህሊቱ ቀሪውን ታውቀው ነበር። ጎበዜ ለመንግሥት ሥራ ወደ ድሬዳዋ ሲላክ በመኪናው ላይ ባዶ ቦታ ስለነበር እሷም ሄዳ ጨርቅና ጥላ ገዝታ ተመልሳ ነበር። በሚቀጥለው ማኅበር፣ ዳቦ እየተቆረሰ፣ እዚያ በዓይን ሐኪም ቤት ደጅ ያየችውን አወራች፤ ዓይናቸውን በነጭ ጨርቅ ታስረው እርስ በርስ ተያይዘው የሚሄዱ ሕመምተኞችን አካሄድ ተነሥታ እያስመሰለች አሳየች፤ አንዱ ከግንድ ጋር ተጋጭቶ ግንዱን «ይቅርታ ጌታዬ» ማለቱን ተረከች። ሴቶቹ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ዓለምሸት በቀኟ ተቀምጣ ነበር።

«የዓይን ሐኪም መኖሩን የሰማሁት ያን ዕለት ነው» አለች ዓለምሸት። «አስቀሽ ነገርሽኝ። ደግሞም ፈትሌን እያነሣሽ ‹እጅሽ ሰነፈ፣ ይህማ ገመድ ነው› አልሽ። ከዚያች ወር ጀምሮ፣ ‹ቂም የያዘ› ስትይ አፌን እከፍታለሁ። ነገር ግን ጽዋው ከቃሌ ቀድሞ እጄ ይገባል። ምን ላድርግ? ውሸት ላለመጠጣት ሳልጠጣ አሳልፈው ጀመር። ገበያ የምትወስደኝ ሙስሊማ የምትባል ቅቤ ሻጭ ናት። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ገና በተዋወቅን ቀን ራሷ አይታ፣ ክንዴን ይዛ፣ በኦሮምኛ እትዬ ሲሉ ‹አዴ ዓለምሸት፣ ቀስ በይ፣ ጉድጓድ አለ› አለችኝ።»

ሳህሊቱ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሣች። በማጅራቷ ተሸከመችው፤ ለሰርክአዲስ ስትመርጠው መጠነኛ መስሏት ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዓለምሸት።

«ተሸክሜዋለሁ።»

«አውርጂው።»

«ይቅር በይኝ።»

«አውርጂው አልኩ እንጂ ይቅር አልኩሽ አላልኩም።» ዓለምሸት እንዝርቷን ጭኗ ላይ አኖረች። «‹ይቅር ለእግዚአብሔር› ብዬ ላሰናብትሽ እችላለሁ፤ አፌ ያውቀዋል። ያንቺም አፍ ‹ትማርሽ› ማለት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አልልሽም። ይልቅ ግቢና ተቀመጪ፤ እዚህ ቤት ከተቀመጥሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ሳህሊቱ ገባች። ከበሩ እስከ ጓሮው ድረስ የተዘረጋ የሲባጎ ገመድ አየች፤ ከአጥሩ ማዶ ሆና ስታየው ልብስ ማስጫ ይመስላት ነበር። የጨው ቅሉ አንገት ላይ አንድ ክር፣ የበርበሬው ላይ ሁለት ክር ታስሮ ነበር። የዓለምሸት ጣቶች ጫፍ ላይ የቆየና አዲስ የእሳት ጠባሳ ተደራርቧል። ይህ ሁሉ አንድ አጥር ማዶ ሲሆን፣ ሳህሊቱ በየማለዳው «ደኅና?» ብላ አልፋ ሄዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ፣ ስለ ሕሙማን ሲጸለይ ከሁሉ ይልቅ አጎንብሳ «አቤቱ ማረን» ትል ነበር። ይህን ስታስብ ልቧ ለሁለት የተከፈለ መሰላት። ወደ ቤቷ ተመልሳም መጸለይ አልቻለችም፤ ጸሎቱን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለችና ከአፏ የሚወጣው ቃል ሁሉ ራሱ የከሰሳት መሰላት።

ሰኔ ዐሥራ ስድስት ደረሰ። ሳህሊቱ ተነሣች። እጇን ወደ ጽዋው አልዘረጋችም።

«በመካከላችን የተቀያየመ፣ ቂም የያዘ አለ?» አለች።

ሴቶቹ «የለም፣ ኪዳነ ምሕ...» ብለው ጀመሩ፤ ሳህሊቱ ግን አልተቀመጠችም። ድምፁ ባለበት ቀረ። አንዷ አሳለች። ሙሉወርቅ ዳቦው ተረስቶ ቀርቶ እንደሆነ ብላ ዞር አለች። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሳህሊቱ ቆማ ጠበቀች።

«አለኝ» አለች ዓለምሸት። «ከሙሴዋ ጋር።»

ቤቱ ተንጫጫ። ሁለቱ ይቀያየማሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ሳህሊቱ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«እውነት ነው፤ በድያታለሁ። በደሌ ምን እንደሆነ እሷ የፈቀደች ቀን ትሰሙታላችሁ። ያላጠፋችን ሴት ድንጋይ እስከማሸከም ደርሻለሁ።» ሰርክአዲስ አንገቷን ደፋች፤ ምንም አልቀለደችም።

ቄስ ሞገስ ፈጥነው ጣልቃ ገቡ። «ልጆቼ፣ በሉ ተነሡና ተሳሳሙ፤ የእናታችን ቀን ነው።»

«አባቴ፣ እርስዎ አይቸኩሉልን» አለች ሳህሊቱ። «እስከ ዛሬ የቸኮልኩት ይበቃናል። ደንቡ ይፈጸም።»

ደንቡም ተፈጸመ። ጽዋው ሙሴዋንና ዓለምሸትን አልፎ ከሰርክአዲስ ጀመረ። ሳህሊቱ ራሷ በመሠረተችው ማኅበር፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የሴቶቹ ዓይን ያቃጥላት ነበር፤ ከእሱ ይልቅ ያቃጠላት ግን ለወራት ዓለምሸት በዚህ ዓይነት፣ ያውም ማንም ሳያውቅላት፣ አጠገቧ መቀመጧ ነው።

በሐምሌ ዝናብ መካከል ሁለቱ በአውቶቡስ ወደ ሚኤሶ ወርደው፣ ከዚያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። ዓለምሸት በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

«ምን ይታያል?» አለች።

«ያው ቆላ ነው» አለች ሳህሊቱ።

«ያው አትበይኝ። ምን አለ?»

ሳህሊቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ይህን መንገድ ታውቀው ነበር፤ ያየሽውን ተናገሪ ስትባል ግን የምትናገረው አጣች። ቀስ በቀስ ጀመረች። «ግራር አለ፤ ከላዩ ጠፍጣፋ ነው። ቀይ ኩይሳ አለ፤ ሰው ቆሞ የሚመስል። ግመሎች... አንዷ ታነክሳለች። አንዲት ሴት የወተት ዕቃ በጀርባዋ አዝላለች፤ ባቡሩን አታየውም፤ ለምዳዋለች መሰለኝ።» ዓለምሸት ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ ታዳምጣለች። ሳህሊቱ ድሬዳዋ እስኪደርሱ አላቋረጠችም፤ ጉሮሮዋ ደረቀ፤ ዓለምሸትም አንድም ጊዜ «በቃሽ» አላለቻትም።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ በአስተርጓሚ ተናገረ። የጠፋው ዓይን አይመለስም። የቀረው ግን፣ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ሳይቋረጥ ከተጨመረበት፣ ባለበት ሊቆይ ይችላል።

«አምና ብንመጣስ ኖሮ?» አለች ሳህሊቱ።

አስተርጓሚው ጥያቄውን ለሐኪሙ ሊያደርስ ሲል ዓለምሸት ክንዷን ያዘቻት። «ተይው። መልሱን ብታውቂውም ባታውቂውም የምትሠሪው ሥራ አንድ ነው።»

ሥራውም ተጀመረ። ሳህሊቱ በየማለዳው በአጥሩ በኩል ማለፏን ትታ በበሩ ትገባለች፤ የዓለምሸትን ራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጠብታውን ትጨምራለች። ጠብታ ለመጨመር ዓይን ውስጥ ማየት ግድ ነው። በግራው ዓይን ላይ የተዘረጋውን ዳመና የመሰለ ነገር ጠዋትና ማታ ታየዋለች፤ ለምጄዋለሁ ማለትን ግን አልደፈረችም። ዓለምሸትም አንዳንድ ቀን ትስቃለች፣ አንዳንድ ቀን ቃል አትተነፍስም። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ሳህሊቱም ደግማ አልጠየቀችም።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ተራው የዓለምሸት ነበር። ሴቶቹ ከመቀመጣቸው በፊት ዓለምሸት ስለ ዓይኗ ራሷ ነገረቻቸው፤ የሲባጎውን ገመድም አሳየቻቸው። ሙሉወርቅ አለቀሰች፤ ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ፣ «ለጋቢ የሚሆን ወፍራም ፈትል እፈልጋለሁ፤ ነገ ጥጥ እልክልሻለሁ» አለች። ሰርክአዲስም «ዶሮዬን አስሬልሽ ነው የምትፈትይው» ብላ አከለች።

ቄስ ሞገስ ባረኩ። ሳህሊቱ ጠየቀች፤ ቆማም ጠበቀች። ሴቶቹ ባንድ አፍ መመለስን ትተው ነበር፤ ሁሉም ወደ ዓለምሸት ተመለከቱ።

ዓለምሸት ፊቷን ወደ ሳህሊቱ ድምፅ አዞረች።

«የለኝም» አለች።

ቄስ ሞገስ ጽዋውን ለሳህሊቱ ሰጧት። ሳህሊቱ ወደ ከንፈሯ አቀረበችው። የጠላው ሽታ በአፍንጫዋ ገባ። ዓለምሸት «የለኝም» ብትልም ያ የግራ ዓይን ግን እንደጠፋ ነው፤ ያንን ማንም ይቅር ሊለው የማይችል መሰላት። ከንፈሯን ብቻ አስነክታ፣ ማንም ሳያይ፣ ጽዋውን በቀኟ ለተቀመጠችው አሳለፈች።

ዓለምሸት ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች። አልጠጣችም። ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው።

«ሳህሊቱ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሙሉ ነው።»

ሳህሊቱ አቀረቀረች።

«እኔ ብቻዬን ታርቄ ምን ይረባኛል? እንኪ፣ ጠጪ።»

«ኧረ ጠጪላት እትዬ» አለች ሰርክአዲስ ከወዲያ ጫፍ ሆና፤ «የእኔ ድርሻ እንዲያው ዛሬ መጉደሉ አይቀርም።»

ሳህሊቱ ጽዋውን ተቀብላ ጠጣች። የዓለምሸት እጅ ጽዋው እስኪቀል ድረስ ከሥሩ አልተነሣም።